ጠይቁን፦ ትንንሽ የአንድሮይድ ጌም ኮንሶሎችና ገመድ አልባ ጆይስቲኮቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ቴሌቪዥን ላይ ስለሚሰኩ ትንንሽ የአንድሮይድ ኮንሶሎች የሚጠይቁት በዝተዋል። ስድስቱን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ ደጋግመን የምንመለስበት አንድ ነገር አለ፤ ኮንሶሉን ከመምረጣችሁ በፊት ጆይስቲኩ በምን እንደሚገናኝ እወቁ። ፕሮሰሰሩ ደከም ያለ ኮንሶል ቀለል ያሉ ጌሞችን ያጫውታል። ጆይስቲኩ የሚቆራረጥ ኮንሶል ግን ምንም አያጫውትም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኡያ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር በቅናሽ አገኘሁ። ወንድሜ ደግሞ «ጨምርና ሺልድ ቲቪ ግዛ» ይለኛል። «10 ሺህ ጌም ተጭኖበታል» የተባለ፣ ጣት የሚያክል ስቲክም አይቻለሁ። ገንዘቤን በየትኛው ላይ ላውጣ?

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። ሺልድን የምንመርጠው ግን ለፍጥነቱ ሳይሆን ለዕድሜው ነው።

ኡያ እ.ኤ.አ. በ2012 በገንዘብ ማሰባሰቢያው ድረ ገጽ በኪክስታርተር ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጥቶለት በ2013 በ99 ዶላር ለሽያጭ የቀረበ ኮንሶል ነው። ቴግራ 3 ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት ስቶሬጅ አለው፤ ሲስተሙ ከአንድሮይድ 4.1 የተሠራ ነው። አቅሙ ለዛሬ ጌም አይበቃም፤ የከፋው ችግር ግን ሌላ ነው። ጌሞቹ የሚወርዱትም ሆነ መገዛታቸው የሚረጋገጠው በኩባንያው ሰርቨር ነበር። ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2019 ሲዘጋ መደብሩም አብሮ ተዘጋ፤ ሲከፈቱ ሰርቨሩን የሚጠይቁ ጌሞችም እምቢ አሉ። የሚሸጥልዎት ኡያ ላይ እየሠሩ ያሉ ጌሞች ካሉ በምንም ምክንያት ወደ ፋብሪካ ሁኔታው አይመልሱት፤ ከባዶ ሲጀምር በአካውንት ግቡ ይላል፣ የሚመልስለት ግን የለም። በስቲክ መልክ የተሠራው ጌምስቲክም እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎቱ ሲቋረጥ የደረሰበት ይኸው ነው።

የግድ ኡያውን ልግዛ ካሉ ሁለቱንም ጆይስቲኮች ሻጩ ፊት ይክፈቱ። ባትሪ ድንጋዮቹ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እጀታ ክዳን ሥር ተለያይተው ነው የሚገቡት፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ይመልሰዋል። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ባትሪው አፍስሷል ማለት ነው።

ሺልድ ቲቪ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድሮይድ 5 ወጥቶ ያው የመጀመሪያው ሞዴል እስከ አንድሮይድ 11 ድረስ አፕዴት አግኝቷል። ለዚህ ዓይነት ዕቃ ይህ ብርቅ ነው። ጌም የሚወርደውም ከፕሌይ ስቶር ስለሆነ የጌሞቹ ዕጣ በአንድ ትንሽ ኩባንያ ሰርቨር ላይ አልተንጠለጠለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡትን ሁለት ሞዴሎች ግን ለይተው ይወቁ። ቱቦ የሚመስለው 2 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት ስቶሬጅ አለው፤ ዩኤስቢ መሰኪያ የለውም፣ 64 ቢት ሲስተም የሚፈልጉ አፖችም አይሠሩበትም። ፕሮ የሚባለው 3 ጊጋባይት ራም፣ 16 ጊጋባይት ስቶሬጅና ሁለት ዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ አለው። ለጌም ከሆነ ፕሮውን ይያዙ።

ስቲኩን በተመለከተ፣ እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ አንድሮይድ እንኳ አይደሉም። በሊኑክስ ላይ የተሠራ አንድ ሜኑ ነው ያላቸው፤ አፕ መጫኛ የላቸውም። ከ10 ሺህ ጌሞቹም ያው አንድ ጌም በተለያየ ስም እየተደጋገመ የተቆጠረው ቀላል አይደለም። ጌሞቹ ያሉበት ሜሞሪ ካርድም ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል።

አንድሮይድ ነው ተብሎ ስም በሌለው ሣጥን ለሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው አደጋ ያስጠነቀቀው አንዳንድ ርካሽ የአንድሮይድ ቲቪ ሣጥኖች ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ተጭኖባቸው ስለሚመጡ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ፕሌይ ስቶር ከፍተው ሴቲንግ ውስጥ ስለ አፑ የሚገልጸውን ክፍል ይዩ፤ ዕቃው በፕሌይ ፕሮቴክት (በጉግል የደኅንነት መፈተሻ) የተረጋገጠ መሆኑን እዚያ ያገኙታል። ካልተረጋገጠ፣ ወይም ለመጫወት ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ ካለዎት ቤትዎ አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ጆይስቲኬ በብሉቱዝ ተገናኝቶ በየመሃሉ ይቆራረጣል። ሲሠራም ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ዘግይቶ ነው የሚዘለው። ኮንሶሉ ነው ወይስ ጆይስቲኩ?

መልስ፦ መቆራረጥና መዘግየት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። በአንድ መድኃኒት ለማዳን ሲሞከር ነው ጤነኛ ጆይስቲክ የሚጣለው።

ከመቆራረጡ እንጀምር። መጀመሪያ ኮንሶሉ ኃይል ከየት እንደሚያገኝ ይዩ። ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል፤ መደበኛ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ጌሙ ሲከብድ ኮንሶሉ ከዚያ በላይ ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ብሉቱዙ ይቋረጣል ወይም ኮንሶሉ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አምፒር አንብበው ያንን የሚያሟላ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ይሰኩ።

ቀጥሎ ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ከተሰካ ይንቀሉትና ይሞክሩ። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ ብሉቱዝ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሲግናል የሚረብሽ የሬድዮ ጩኸት ይለቃል፤ ኢንቴል ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 በዝርዝር አሳይቷል። ሲነቅሉት ጆይስቲኩ ከተስተካከለ ሃርድ ዲስኩን በአንድ ሜትር ማራዘሚያ ኬብል ከኮንሶሉ አርቀው ያስቀምጡት። ዋይፋዩም ያው 2.4 ላይ ከሆነ ራውተሩ ከፈቀደ ኮንሶሉን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ያዛውሩት፣ ካልሆነም በኔትወርክ ኬብል ያገናኙት። በመጨረሻም ኮንሶሉን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት፤ ከኋላው ከተደበቀ የቴሌቪዥኑ ብረት ሲግናሉን ይከልለዋል።

መዘግየቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ይይዘዋል፤ የጌም ሞድ ሲበራ ያንን ሥራ ይተዋል። ጌም ሞዱን ኮንሶሉ በተሰካበት ኤችዲኤምአይ ላይ ያብሩት፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ለእያንዳንዱ መሰኪያ ለየብቻ ነው የሚይዙት። ለውጡን መለካት ይቻላል። በሴኮንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ የስልክ ስሎው ሞሽን ጣትዎንና ስክሪኑን አንድ ላይ ይቅረጹ፤ ቁልፉ እስከ ታች ከወረደበት ፍሬም አንስቶ ገጸ ባሕሪው እስከሚነቃነቅበት ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 24 ፍሬም 100 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። አሥር ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ ጆይስቲኩን በኬብል ሰክተው ይድገሙት። ቁጥሩ እምብዛም ካልወረደ ብሉቱዙን ይተዉትና ቴሌቪዥኑ ላይ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክና አንድ የቆየ የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ አለን። አዲስ ከመግዛት እነዚህን መጠቀም አይቻልም?

መልስ፦ የፕሌይስቴሽኑ ይሆናል። አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ ዱዋልሾክ 4ን በትክክል ያውቀዋል፤ የፕሌይስቴሽን 5 ዱዋልሴንስ ግን አንድሮይድ 12 ይፈልጋል። ከዚያ በታች በሆነ ሲስተም ላይ መገናኘቱ ባይቀርም ቁልፎቹ ሊዛቡ ይችላሉ።

አገናኙ እንዲህ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ቤት ውስጥ ካለ ከነአካቴው ከሶኬት ይንቀሉት፤ አለዚያ ጆይስቲኩ ወደ እሱ ይሄዳል። የሼርን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ የፒኤስን ቁልፍ አብረው ይያዙ፤ መብራቱ ድርብ ድርብ እያለ በፍጥነት ብልጭ ሲል ይልቀቁ። ከዚያ በኮንሶሉ ሴቲንግ አዲስ ዕቃ ፈልግ ይበሉት፤ «ዋየርለስ ኮንትሮለር» ብሎ ይመጣል። ብልጭታው ዘገምተኛ ከሆነ የድሮውን ማሽን እየፈለገ ነው። ጀርባው ላይ ኤል 2 አካባቢ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ለአምስት ሴኮንድ ተጭነው እንደገና ይጀምሩ።

የኤክስቦክሱን ከፊት ለፊት ይዩት። በሚያበራው የኤክስቦክስ ቁልፍ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከፊቱ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። ያ ፕላስቲክ ከላይ ካሉት የትከሻ ቁልፎች ጋር የተያያዘ፣ ከፊቱ በመስመር የተለየ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ብሉቱዝ የለውም፣ በራሱ የተለየ ሬድዮ ብቻ ነው የሚነጋገረው። ብሉቱዝ ያለውን ለማገናኘት አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ የኤክስቦክሱ ምልክት በፍጥነት እስኪርገበገብ ይያዙ።

ያገለገለ ጆይስቲክ ለብቻው ለመግዛት ካሰቡም ይህን ያስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሺልድ ጋር የወጣው ጆይስቲክ በብሉቱዝ ሳይሆን በዋይፋይ ነው የሚገናኘው፣ ለሌላ ኮንሶል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሆነን ስንጫወት ሁለቱም ጆይስቲክ አንዱን ሰው ያንቀሳቅሳል። በተጨማሪም ኤ ስል ቢ ይሆናል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከጌሙ ነው፤ ለአንድ ተጫዋች የተሠራ ጌም የመጣለትን ቁልፍ ሁሉ ለአንዱ ይሰጣል። ሁለት ሰው የሚያጫውት መሆኑ ከተረጋገጠ ጌሙን ዝጉ፣ ሁለቱንም ጆይስቲክ አጥፉ፣ የመጀመሪያውን ብቻ አብርታችሁ እስኪገናኝ ጠብቁ፣ ሁለተኛውን አስከትሉ፣ ጌሙን በመጨረሻ ክፈቱ።

የኤና የቢ መቀያየር የሚመጣው ከኒንቴንዶ አቀማመጥ ነው። በኒንቴንዶ ኤ በቀኝ ነው፣ በኤክስቦክስ ታች ነው፤ አንድሮይድ የኤክስቦክሱን ይከተላል። ብዙ ሞድ ያለው ጆይስቲክ ከሆነ ለኒንቴንዶው ስዊች ኮንሶል በተሠራው በስዊች ሞድ ተነስቶ ይሆናል። ለምሳሌ የኤይትቢትዶ ኩባንያ ጆይስቲክ ኤስኤን30 ፕሮ ሲበራ ስታርትና ዋይ አብረው ከተያዙ በስዊች ሞድ፣ ስታርትና ቢ ከተያዙ በአንድሮይድ ሞድ ይነሳል። ሞዱን ከቀየራችሁ በኋላ የድሮውን ግንኙነት ከኮንሶሉ ሰርዛችሁ እንደ አዲስ አገናኙት።

ጥያቄ፦ እጄን ሳላስነካ ሰውየው ወደ ግራ ይሄዳል። አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ) መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ ቶሎ አይፍቱት። በመጀመሪያ ጆይስቲክ የሚፈትሽ ነጻ አፕ አውርደው አናሎጉን ሳይነኩ ቁጥሩን ይመልከቱ። ዜሮ አካባቢ በትንሹ የሚዋልል ከሆነ ጤናማ ነው፤ ጌሙ ውስጥ ዴድ ዞን የሚለውን፣ ማለትም ጌሙ ከቁጥር የማያስገባውን የትንሽ እንቅስቃሴ ክልል፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከዜሮ ርቆ በአንድ ቁጥር ከቆመ ወይም ሲነኩት ከዘለለ ግን ውስጡ ነው።

በተለመደው አናሎግ ውስጥ ትንሽ ብረት በካርቦን ንጣፍ ላይ እየተንሸራተተ ነው አቅጣጫውን የሚናገረው። ንጣፉ ይበላል፣ ብናኙም እዚያው ይቀራል። ጆይስቲኩን አጥፍተው የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ማጽጃ በአናሎጉ ሥር ጥቂት ነፋ ያድርጉ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ዙሪያውን ያዙሩት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይተዉት። ችግሩ ብናኝ ከነበረ ይድናል። ንጣፉ ተበልቶ ከሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል፤ ያኔ መፍትሔው አናሎጉን ነቅሎ ሌላ መበየድ ነው። ፒኖቹ ብዙ ስለሆኑ ብየዳ ለማያውቅ አንመክርም። አዲስ ጆይስቲክ ከገዙ ሆል ኢፌክት አናሎግ ያለውን ይምረጡ፤ በማግኔት ስለሚሠራ የሚፋተግ ንጣፍ የለውም።

ጥያቄ፦ ኮንሶሌ 8 ጊጋባይት ነው። ሁለት ጌም ብቻ ጭኜ ሞላ ይለኛል።

መልስ፦ ከ8ቱ ውስጥ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የቀረው ለትልልቅ ጌሞች አይበቃም። አንድሮይድ 6ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አምራቹም ካልዘጋው፣ ሜሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን እንደ ውስጥ ስቶሬጅ አድርገህ ያዝ ማለት ይቻላል። ሲያደርጉት ያለበት ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ ይመሰጠራል፣ ከዚያ በኋላም በሌላ ማሽን አይነበብም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የያዘውን ይገልብጡ። ጌም እየተጫወቱ ነቅለው ማውጣት ፈጽሞ የለብዎትም፤ የተጫኑት ጌሞች እስኪመልሱት አይከፈቱም። ካርዱን ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ ከተጠቀሙበትና በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም፤ «ቦታ የለም» የሚለው መልእክት ካርዱ ባዶ ሆኖ እያለ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።