ከፉኩኦካ ወደ ሸክላ መንደር

ጥያቄ፦ እናቴ ኮምቦልቻ አጠገብ ጀበናና ምጣድ እየሠራች፣ ደሴ ሰኞ ገበያ እያወጣች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። በቅርቡ ለሥልጠና ወደ ጃፓን፣ ፉኩኦካ ከተማ እሄዳለሁ፤ ሁለት የዕረፍት ቀናት አሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ማሺኮ የሚባለውን የሸክላ ከተማ እንድጎበኝ ይመክሩኛል። ያዋጣኛል? ሸክላ ሠሪዎቹስ እንደ እኛ አገር ዝቅ ተደርገው ይታያሉ? (ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ማሺኮ የምትገኘው ከቶኪዮ በስተሰሜን ነው፤ ፉኩኦካ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ፣ በኪዩሹ ደሴት ላይ ስለሆነች ሁለቱንም ቀናት መንገድ ይበላብዎታል። በእርግጥ ማሺኮ ሃማዳ ሾጂ የተባለው ታላቅ ሸክላ ሠሪ የኖረባት ስመ ጥር ከተማ ናት፤ ለጎብኚ ጭቃ ማድቦልቦል የሚያስተምሩ ቤቶችም አሏት። ለእርስዎ ግን ጭቃ ማድቦልቦል ብርቅ አይመስለንም።

እኛ የምንመርጥልዎ እዚያው ኪዩሹ ላይ፣ በኦይታ ግዛት በሂታ ከተማ ሥር የምትገኘውን ኦንታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1705 የተጀመረው የኦንታ ሸክላ ዛሬም ከ10 በማይበልጡ ቤተሰቦች እጅ ነው፤ የሚሠሩባት መንደር ሳራያማ ትባላለች፣ ትርጉሙም «የሳህን ተራራ» ማለት ነው። እናትዎ በዘነዘና የምትወቅጠውን አፈር እዚያ የሚወቅጠው ወንዝ ነው፦ አንድ ጫፉ እንደ ገበታ የተቦረቦረ ግንድ ውሃ ሲሞላ ያዘነብላል፣ ውሃው ሲፈስ ደግሞ ሌላው ጫፉ ተመልሶ በአፈሩ ላይ ይወድቃል፤ ይህም ሌትና ቀን ለሳምንታት ይቀጥላል። ድምፁ መንደሯ ከመታየቷ በፊት ይሰማል። የተወቀጠው አፈር ተጣርቶ በሚሽከረከር የሸክላ መዘውር ላይ ቅርጽ ከያዘ በኋላ፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ባለብዙ ክፍል እቶን በእንጨት ይተኮሳል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከበድ ይላል። በኦንታም እንደ እኛው ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪውን በሙያው የሚንቅ፣ ልጁንም ለጋብቻ የሚሸሽ ጎረቤት መኖሩ ነው፤ እዚያ ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራቸውን የአገር ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የሚገርመው፣ ይህን ያህል ተከብረው ሳለ ሠሪዎቹ በዕቃው ላይ የግል ስማቸውን አይጽፉም፤ ስሙ የመንደሩ ነው።

ሂታ ከፉኩኦካ በፈጣን አውቶቡስ ደርሶ መልስ ስለሚቻል አንድ ቀን ይበቃዎታል። ከሂታ ወደ መንደሩ የሚሄደው አውቶቡስ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካመለጠዎ ታክሲ ነው። በጥሬው የን (የጃፓን ገንዘብ) ይያዙ። ደጃፍ ላይ በጣውላ ተደርድሮ የሚደርቀውን ዕቃ አይንኩ፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም ያስፈቅዱ፤ ይህን ለሸክላ ሠሪ ልጅ መንገር ባያሻም። ስጦታ መውሰድ ካሰቡ ደግሞ የእናትዎን ጀበና በነጠላ ጠቅልለው ይያዙ፤ በመዘውር ለሚሠራ ሰው፣ ያለ መዘውር በእጅ ብቻ የቆመ የጀበና አንገት ደጋግሞ የሚያገላብጠው ዕቃ ነው።