384 መጠይቅ ከመበተንሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በከተማሽ የትራፊክ አደጋ መንስኤዎችን ልታጠኚ እንደሆነ፣ ከፖሊስ የ5 ዓመት መረጃ እንዳገኘሽ፣ ለ384 አሽከርካሪዎችም መጠይቅ ለመበተን እንዳሰብሽ ገልጸሽ «ይህ በቂ ነው ወይ?» ብለሻል። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ከትራንስፖርት ሥራ አልወጣሁም። መጠይቁን ለጊዜው አቆዪው። መጀመሪያ ያ የፖሊስ መረጃ በማን እጅ፣ ለምን ዓላማ፣ እንዴት እንደተጻፈ እወቂ።

384 ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ፤ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ቀመሩ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ቀመሩ ስንት ሰው እንደምትጠይቂ ይነግርሻል፤ የጠየቅሽው ሰው እውነቱን ይነግርሽ እንደሆነ ግን አያውቅም። እኔ መናኸሪያ ገብቼ ተራ የሚጠብቁ የሚኒባስ አሽከርካሪዎችን «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ታሽከረክራለህ?» እያልኩ ጠይቄያለሁ። ሁሉም ለማለት ይቻላል «አላሽከረክርም» አሉኝ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ለመጣ እንግዳ ማን «አዎ» ይላል? መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው።

በማግስቱ በከተማው መውጫ 50 ሜትር ለክቼ፣ በሁለቱም ጫፍ አስፋልቱ ዳር በኖራ ምልክት አድርጌ፣ የሰከንድ መቁጠሪያ ይዤ ቆምኩ። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ የሚያልፍ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ በ3 ሰከንድ የሚያልፍ 60፣ በ2 ሰከንድ የሚያልፍ ደግሞ 90 እየሄደ ነው። የዚያን ቀን ማስታወሻዬና የመናኸሪያው መልስ ፈጽሞ አልተገናኙም። አንቺ ርቀቱን 100 ሜትር አድርጊው፤ በ50 ሜትር ላይ የግማሽ ሰከንድ ስህተት 60ውን 72 ያደርገዋል። ከፊቱ የሚያግደው ሌላ መኪና የሌለውን ብቻ መዝግቢ፤ በተቻለ መጠንም አሽከርካሪው በማያይሽ ቦታ ቁሚ። ይህን ያህል የምደክምበት ምክንያት አለኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ ግጭት የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል። ፍጥነትን ያልለካ ጥናት ስለ ሞት ሊናገር የሚችለው ጥቂት ነው።

ወደ ፖሊሱ መረጃ ልመለስ። የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ሁለት ሳምንት ከተመላለስኩ በኋላ የተሰጠኝ እንዳንቺው የተጠቃለለ ሠንጠረዥ ነበር፦ ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ የንብረት ውድመት፣ ከጎኑም መንስኤ። አላረካኝም። ዋናውን የእጅ ጽሑፍ መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለመንኩ፤ እዚያው ቢሮ ቁጭ ብዬ እንዳነብ ተፈቀደልኝ። ጥናቴን የቀየረው ያ መዝገብ ነው።

አንዱን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳውም። የ9 ዓመት ልጅ፣ እግረኛ፣ ሞት። መንስኤ፦ «ሳይጠነቀቅ በመሻገሩ»። የቦታው ስም ስለነበረ ሄጄ አየሁት። በአስፋልቱ ወዲህ ትምህርት ቤት፣ ወዲያ ደግሞ የቦኖ ውኃ። ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሻገራሉ። ዜብራ የለም፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የለም፤ የእግረኛው መንገድ በአሸዋና በብሎኬት ክምር ስለተያዘ ሰው የሚሄደው በአስፋልቱ ላይ ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ቀጥ ያለ በመሆኑ ከላይ የሚመጣ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ አንዱም መዝገቡ ላይ የለም።

ፖሊሱ ዋሽቷል እያልኩ አይደለም። ቅጹ የተዘጋጀው ጥፋተኛውን ለይቶ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ ለማቅረብ ነው፤ ስለዚህ በዚያ አምድ ውስጥ «መንስኤ» ማለት ተጠያቂ የሚሆነው ሰው ማለት ነው። አንቺ ያንን አምድ በኮምፒውተር ቆጥረሽ «አብዛኛው አደጋ የደረሰው በአሽከርካሪ ወይም በእግረኛ ጥፋት ነው» ብትዪ፣ የምትነግሪን ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ቅጹ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃደን የተወው ሠንጠረዥ ለዚህ ይረዳሻል፤ አደጋውን ከመድረሱ በፊት፣ ሲደርስና ከደረሰ በኋላ ብሎ ይከፍልና በእያንዳንዱ ውስጥ ሰውን፣ ተሽከርካሪውንና አካባቢውን ለየብቻ ያስጠይቅሻል። የዚያን ልጅ ሞት በሠንጠረዡ ብታስገቢው፣ ከዘጠኙ ሳጥኖች ፖሊስ የሞላው አንዱን ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ያልተመዘገበው ሞት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ለ2016 ኢትዮጵያ ያሳወቀችው ሞት 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት 27,326 ነበር። ስለ ግምቱ አሠራር መከራከር ይቻላል፤ የልዩነቱ ስፋት ግን ማንንም ተመራማሪ እንቅልፍ ሊነሳው ይገባል። ጉዳተኛው በላዳ ወይም በባጃጅ ሆስፒታል ደርሶ ከሳምንት በኋላ ቢሞት፣ ዜናው ወደ ፖሊስ ጣቢያው ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ የሆስፒታሉን የድንገተኛ ክፍል መዝገብም ጠይቂ። ለምሳሌ ያህል፣ ፖሊስ 60 ሟች፣ ሆስፒታሉ 80 ሟች ቢመዘግቡና 40ዎቹ በሁለቱም ላይ ቢገኙ፣ በስም የምታውቂያቸው 100 ናቸው። ፖሊስ ከሆስፒታሉ 80 ሟቾች የመዘገበው ግማሹን ብቻ ስለሆነ የራሱ 60ም የጠቅላላው ግማሽ ነው ብለሽ 60ን በ80 አባዝተሽ ለ40 ስታካፍዪ ግን 120 ይመጣል፤ 20 ሰው ከሁለቱም መዝገብ አምልጧል ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ከሌላው ሳይገለብጥ ከተሞሉና ስሞቹ በትክክል ከተዛመዱ ነው። እውነተኛው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጋ ኃይሉ፣ ሌላው ጋ ሀይሉ ወይም ሐይሉ፤ አንዱ ጋ ፀሐይ፣ ሌላው ጋ ጸሃይ። የሆስፒታሉ ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ስለሚሞላ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የአያት ስም ላይኖር ይችላል፤ «ስሙ ያልታወቀ» የሚልም ያጋጥምሻል። ስምን ብቻ ሳትይዢ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምረሽ አመሳክሪ።

ስለ ቀንና ሰዓት ሳልነግርሽ ባልፍ እበድልሻለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ግራፍ ስሠራ አደጋው የበዛው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ሆኖ ወጣልኝ። መዝገቡ «1:00» ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ የጨለመበት ሰዓት። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ አደረገው። ጠዋት ወይም ማታ የሚል ያልተጻፈበትን መስመር ከመዝጋቢው ጋር ቁጭ ብለሽ አጣሪ። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ የፖሊስ ዓመት ብዙውን ጊዜ ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚሄደው የበጀት ዓመት ስለሆነ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከተሰበሰበ የውጭ አኃዝ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አታስቀምጪው።

እንግዲህ «በቂ ነው ወይ?» ላልሽው፦ ለመላው ከተማ አይበቃም፤ ለአንድ መንገድ ግን ከበቂ በላይ ነው። በመዝገቡ ሞት የተደጋገመበትን 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ምረጪ። ፍጥነት ለኪ፤ በየሰዓቱ ስንት እግረኛ እንደሚሻገር ቁጠሪ፤ መብራቱን፣ ጉብታውን፣ የእግረኛውን መንገድ በእግርሽ ሄደሽ መዝግቢ። መጠይቁንም አትጣዪው፤ ተጠያቂዎቹን ቀይሪ። ለመንገዱ ዳር ነዋሪዎች፣ ለሱቅ ባለቤቶች፣ ለተማሪዎች አድርጊውና «የት ትሻገራላችሁ? ለምን እዚያ?» ብለሽ ጠይቂ። እነርሱ የሚፈሩት መንጃ ፈቃድ የለም።

ለሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገቢ። የመረጥሽውን መንገድና ባዶውን የፖሊስ ቅጽ እዚህ አድርሺኝ፤ አምዶቹን አብረን እናያቸዋለን። የሟቾች ስም ያለበትን ገጽ ግን እባክሽ አትለጥፊ።