የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የ1898ቱ ጦርነትና የአሜሪካ ጋዜጠኞች

(ቀኖቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አሜሪካ በ1898 ከስፔን ጋር የተዋጋችው በጋዜጦች ግፊት ነው ብለን እናስተምራለን። ተማሪዎቼም አንድ የጋዜጣ ባለቤት ኩባ ላለው ሠዓሊው «ሥዕሉን አንተ ላክ፣ ጦርነቱን እኔ አመጣለሁ» ብሎ ቴሌግራም መታ የሚለውን ይጠቅሳሉ። ይህን ማስተማር ይቻላል?
*የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ቴሌግራሙን ከማስተማሪያ ማስታወሻዎ ያውጡት። በ1897 መጀመሪያ ላይ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ሃቫና ለነበረው ለሠዓሊው ፍሬድሪክ ረሚንግተን ላከው የተባለ ነው። ታሪኩን የነገረን ግን ጋዜጠኛው ጄምስ ክሪልማን ነው፤ እሱም በ1901 ባሳተመው መጽሐፍ። ቴሌግራሙን ያገኘ ሰው የለም፤ ኸርስትም አልላክሁም ብሏል። ከሁሉ በላይ ነገሩ ራሱ አይገጥምም። ታሪኩ እንደሚለው ሠዓሊው «እዚህ ሁሉ ሰላም ነው፣ ጦርነት አይኖርም» ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ኩባውያን በቅኝ ገዢያቸው በስፔን ላይ ጦር ካነሡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ረሚንግተንም ወደዚያ የተላከው ያንኑ ጦርነት እንዲሥል ነው።

የጋዜጦቹ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898 ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ250 በላይ መርከበኞች አለቁ። የኸርስት ጆርናልና የጆሴፍ ፑሊትዘር ወርልድ በአንድ አንድ ሳንቲም እየተሸጡ ገበያ የሚሻሙ ጋዜጦች ነበሩ። ጆርናል ገና ምርመራ ሳይጠናቀቅ ፍንዳታውን የጠላት ሥራ አድርጎ አወጣው። በማርች ወር የባሕር ኃይሉ መርማሪ ጉባኤ መርከቧ ከውጭ በተጠመደ ፈንጂ ወደመች አለ፤ በማን እንደተጠመደ ግን አልወሰነም። በ1976 አድሚራል ሃይማን ሪክኦቨር ያስጠናው ጥናት ደግሞ መንስኤውን ከውስጥ አደረገው፦ የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫው ከጥይት መጋዘኑ ጋር የብረት ግድግዳ ይጋራል፤ ከሰል ታፍኖ ሲቆይ በራሱ ጊዜ ይግላል፣ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ባሩዱን ያገኘዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ተማሪ «ስፔን አፈነዳችው» ብሎ ከጻፈ ነጥብ ይቀነስበት።

ጋዜጦቹ እሳቱን አራገቡት እንጂ አልጫሩትም። ኮንግረሱን ካነቃነቁት ነገሮች አንዱ ሴናተር ሬድፊልድ ፕሮክተር ከኩባ ተመልሶ ማርች 17 ቀን ያሰማው ንግግር ነው። ስፔን ገበሬውን ከቀዬው ነቅላ በየከተማው ስታጉር ሕዝቡ በረሃብና በበሽታ እንዴት እንደረገፈ ድምፁን ሳያነሣ፣ ያየውን ብቻ ተናገረ። ጦርነቱን በዘጋው በዲሴምበር 10ሩ የፓሪስ ውል አሜሪካ ፖርቶ ሪኮንና ጉዋምን ወሰደች፤ ፊሊፒንስንም 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ተረከበች። ፊሊፒናውያን ግን በጁን 12 ነጻነታቸውን አውጀው ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1899 ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ገጠሙ። ይህን ሁሉ በሁለት ጋዜጦች ጩኸት ማስረዳት አይቻልም፤ የገበያና የባሕር ኃይል ጣቢያ ፍላጎትን መጨመር ግድ ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ኩባንያውን ስታንዳርድ ኦይልን ያጋለጡት ጸሐፊዎችም ከነኸርስት ጋር የሚመደቡ ናቸው? ያን የሚያህል ኩባንያ በምን ማስረጃ ተዳፈሩት?
*ከደብረ ሲና*

መልስ፦ አይመደቡም፤ አሠራራቸው ለየቅል ነው። አይዳ ታርቤል ከኖቬምበር 1902 ጀምሮ በማክሉርስ ወርኃዊ መጽሔት በተከታታይ የጻፈችው የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የኮንግረስ ምርመራ ቃልና የባቡር ኩባንያዎችን ውል አገላብጣ ነው። የኩባንያውን ሹም ሄንሪ ሮጀርስንም ፊት ለፊት ጠይቃለች። መጽሔቱ ደመወዝ የሚከፍላት ለምርመራው እንጂ በገጽ ብዛት አልነበረም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ሥራው አይታሰብም ነበር።

ካወጣቻቸው ማስረጃዎች አንዱን እንይ። በ1872 የስታንዳርድ ኦይሉ መሥራች ሮክፌለር ያለበት ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት የተባለ ማኅበር ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ስውር ውል ፈረመ። ድፍድፍ ዘይት ከማውጫው እስከ ኒውዮርክ ለማጓጓዝ ይፋው ዋጋ በበርሜል 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ነው። ለማኅበሩ 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም ይመለስለታል፤ ስለዚህ የሚከፍለው 1 ዶላር ከ50 ብቻ ነው። ተፎካካሪው ሙሉውን ይከፍላል፤ ከከፈለው ላይም ያው 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም ለማኅበሩ ይሰጣል። ነጋዴው በጫነው በርሜል ሁሉ ባላንጣውን ያደልባል ማለት ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ውሉ ወሬው ወጥቶ አገር ስለተቆጣ ሥራ ላይ ሳይውል ፈርሷል። ሮክፌለር ግን በዚያው ሰሞን አብዛኞቹን የክሊቭላንድ ማጣሪያዎች ጠቅልሎ ገዛ። ኩባንያውን በ1911 ለ34 የከፋፈለው ደግሞ ጽሑፉ ሳይሆን መንግሥት የመሠረተው ክስ ነው፤ ጽሑፉ ለክሱ መንገድ ጠረገ።

ጥያቄ፦ እነዚህን ቀኖች ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ቀን እንለያያለን። ማን ተሳሳተ?
*የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ*

መልስ፦ ከ1900 በፊት ላለ ቀን የዛሬውን ማመሳከሪያ የተጠቀመው ተሳስቷል። አውሮፓውያን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። የዓድዋን ቀን ተመልከት፦ የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1896 ግን የዋለው ማርች 1 ነበር። ስለዚህ ከማርች 1 ቀን 1900 በፊት ላሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች በዛሬው ስሌት ላይ አንድ ቀን ጨምር። ሜይን የፈነዳችው የካቲት 9 ቀን 1890 ዓ.ም. ነው፤ የፓሪሱ ውል ታኅሣሥ 2 ቀን 1891 ዓ.ም.። ከዓመቱ ላይ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ትቀንሳለህ።

ሌላም ወጥመድ አለ፦ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት የሚገባው ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ ስለሚጀምር እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ አንድ ቀን ይቀነሳል። ሮበርት ስኪነር በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተልኮ፣ በእኛው አንጎለላ ከተወለዱት ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የፈረመው ዲሴምበር 27 ቀን 1903 ነው። የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያ ከተልእኮው ጉዳዮች አንዱ ነበር። የተለመደው ስሌት ታኅሣሥ 18 ይሰጥሃል፤ ትክክለኛው ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው።