«ወንድሜን ማዳን አቃተኝ፤ ሰላሜንም አጣሁ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ታናሽ ወንድሜን መጠጥ ከያዘው አራት ዓመት ሆነው። ያልመከርኩት፣ ያልለመንኩት፣ ያልከፈልኩለት ዕዳ የለም። እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፤ እሱ ግን ያው ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ትንሽ ሳርፍ ደግሞ የተውኩት ይመስለኝና ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጾሙና ጸሎቱ አልነግርሽም፤ እያደረግሽው ነው። ይህን ጥያቄ እናት ስለ ልጇ፣ ሚስት ስለ ባሏ ስትጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሥሩ ግን አንድ ነው፦ «ከወደድኩት ላስተካክለው ይገባል፤ ካልተስተካከለ ፍቅሬም እምነቴም ውሸት ነው።»

እስቲ ጌቴሴማኒን አስቢ። ጌታ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ለብቻ ወስዶ ምን አላቸው? «በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ» (ማቴ. 26፥38)። አድኑኝ አላለም። ጴጥሮስ ግን ትጋ ሲባል ተኛ፤ ማንም ሳያዘው ደግሞ ሰይፍ መዞ፣ ጌታን ሊይዙ ከመጡት አንዱ የነበረውን የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ከፍቅር እንዳደረገው አልጠራጠርም። ግን ጌታ በዚያች የጭንቅ ሰዓት ጴጥሮስ ያቆሰለውን መፈወስ ነበረበት። ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰው (ሉቃ. 22፥51)።

አንቺስ? አልነገርሽኝም፤ ከሌሎች ከሰማሁት ልገምት። ማታ በሩ ሲንኳኳ ገና ሳይገባ ጠጣ አልጠጣ ብለሽ ትንፋሹን ትከታተያለሽ። ጃኬቱን ሲያወልቅ ኪሱን ትፈትሻለሽ። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ሰይፍ ያልኩሽ ይሄንን ነው። ቤት የሚጠብቀው እኅቱ መሆኗ ቀርቶ መርማሪ ሆናለች።

አትቀየሚኝ፣ ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። የዓለም መድኃኒት አንድ ነው፤ የወንድምሽም መድኃኒት እሱ ነው። አንቺ አይደለሽም። ሰላምሽ የጠፋው በጌታ ቦታ ስለቆምሽ ነው።

ተይው ማለቴ እንዳይመስልሽ። የመጠጫ ገንዘብ ስጪውም አላልኩም። እጁን ካነሳብሽ ራቂ፤ ያ ፍቅር ማጉደል አይደለም። ሱስ ሕመምም ነውና ልታከም ባለ ቀን አብረሽው ሂጂ፣ ወረፋ ያዢለት። እስከዚያ ግን አብረሽው ራት ብዪ።

ዛሬ ሲመጣ ትንፋሹን ተይው። «እንዴት ዋልክ?» በዪውና መልሱን ስሚ። ምክር አትቀጥዪበት። ሲተኛ ስሙን ጠርተሽ ለጌታ አደራ ስጪውና አንቺም ተኚ። ሰላሙ ያኔውኑ ላይመጣ ይችላል። አስቀድሞ የሚመጣው «እኔ ካልያዝኩት ይወድቃል» የሚል ፍርሃት ነው፤ ብዙዎች እንደዚያ ነግረውኛል። ፍርሃቱንም እንዳለ ለጌታ ንገሪው።

ደግመሽ ስትጽፊልኝ ስለ ወንድምሽ ብቻ አይሁን። አንቺ እንዴት እንዳደርሽም ጻፊልኝ።