መልስ፦ የ1982 ቦርዶ ከስንት ሰዓት በፊት ይከፈት?

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ቤታችሁ ለምትከፍቱት የ1982 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ቦርዶ፣ ማለትም የፈረንሳይ ቀይ ወይን፣ «ጠዋት ከፍቼ ላቆየው ወይ? ከታች የዘቀጠውስ ተበላሽቶ ነው?» ብለሃል። አልተበላሸም፤ አተላ ነው። ቀለሙና ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይኑ ንጥረ ነገር) በዓመታት ተያይዞ የወረደ ነው። አይጎዳም፣ ግን ከተናወጠ ወይኑን ያደፈርሰዋል፣ ይመርራል። ከሐሙስ ጀምረህ ጠርሙሱን አቁመው።

ጠዋት በፍጹም አትክፈተው! እንዲህ የቆየ ወይን አየር ሲያገኝ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። እንግዶቹ ሲቀመጡ ክፈተው። ቡሹ ስለሚፈረፈር ተራው ጠመዝማዛ መክፈቻ መሃሉን ቦርቡሮት ይወጣል፤ ሁለት ስስ ምላስ ያለውን መክፈቻ በቡሹ ግራና ቀኝ አስገብተህ፣ እያዞርክ በቀስታ ሳበው። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ሻማ አብርተህ፣ እጅህን ሳታቋርጥ ወደ ንጹሕ የመስታወት ማንቆርቆሪያ ገልብጥ። አተላው እንደ ጭስ ያለ ጥቁር ክር ሆኖ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁም። ሁለት ጣት ያህል ቢቀር አይቆጭህ።

ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ምድጃ የሌለበት ክፍል ካሳደርከው ፍሪጅ አያስፈልገውም። ብርጭቆው ውስጥ የወይኑ ጠርዝ የሸክላ ቀለም ቢመስል ዕድሜው ነው። ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የደረቀ ቅጠል ከሸተተህ ታድለሃል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ግን ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ብታቆየውም አይድንም።