ሦስት ፓወር ሳፕላይ በአንድ ዓመት

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ የዴስክቶፔ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን) ሦስት ጊዜ ተቃጠለ፤ ሁለቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። አራተኛውን ልግዛ ወይስ ኮምፒውተሩን ልቀይር?

መልስ፦ ሁለቱንም ያቆዩትና መስመሩን ያስለኩ። አንድ ሲቃጠል ዕቃው ይጠረጠራል፤ ሦስት ሲደርስ ሶኬቱ ነው የሚጠረጠረው።

መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ጠዋት፣ ማታና ፎቶ ኮፒው ሲነሳ ይለኩ። ከ220 ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አያሳስብም። ፎቶ ኮፒው ሲነሳ ብዙ ከወረደ የላላ ወይም የቀጠነ ሽቦ አለ፤ ኮምፒውተሩንና ፎቶ ኮፒውን ከአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ። ክፉው ግን ጎረቤት ከባድ ዕቃ ሲያስነሳ የእርስዎ ቮልቴጅ ወደ ላይ ሲዘል ነው። ያኔ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላልቷል፤ ጨርሶ ከተቆረጠ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ተራ ስታብላይዘርም አይችለውም። እስከ ቆጣሪው ያለውን መብራት ኃይል፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ያጥብቀው።

የተቃጠሉትን አይጣሉ፤ ለጥገና ባለሙያ ያሳዩዋቸው። በውስጡ ያለው ፊውዝ ጠቁሮ ከፈነዳ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከመስመር የመጣ ነው። ፊውዙ ደህና ሆኖ የትንንሾቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አናት ካበጠ ግን ሙቀትና ርካሽ ዕቃ ነው፤ የአዳማ አቧራ ፋኑን ሲያንቀው ይብሳል። እርስዎ ግን አይክፈቱት፤ ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ተነቅሎም 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አዲሱን ሲገዙ «500 ዋት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ትተው በ12 ቮልት በኩል ስንት አምፔር እንደተጻፈ ይዩ። 16 ብቻ ከሆነ 192 ዋት ነው፣ የቀረው ማስታወቂያ ነው። ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ሳያገናኙ፣ ከፓወር ሳፕላዩ በሚወጣው ሰፊ የማዘርቦርድ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ያገናኙት። ፋኑ ከዞረ መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ ቮልት ቀይረው ቢጫውን ከጥቁር ጋር ይለኩ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት። ብቻውን ሠርቶ ሲገጠም ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሾርቱ ማዘርቦርዱ ወይም ካርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉት፤ ከመጣ በኋላም 5 ደቂቃ ያህል ይታገሱ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ቢገዙ ለኮምፒውተሩ ብቻ ይሁን፤ የፎቶ ኮፒው ማሞቂያ ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ ከፓወር ሳፕላዩ ጀርባ ያለችው፣ 115 እና 230 የሚል የተጻፈባት ቀይ ማብሪያስ?

መልስ፦ 230 ላይ ትሁን። 115 ላይ ሆና 220 ከተሰካ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔውኑ ይፈነዳል።