ግድግዳውን ሣልን፣ ምሳ አበሉን

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አራት ጓደኛሞች ደሴ ሆጤ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር በነጻ ሣላችሁ። ምሳና የምስክር ወረቀት ተሰጣችሁ። ከዚያ ቀለሙን የገዛው ልጅ «ብሬስ?» አለና ተኮራረፋችሁ። አሁን የሰፈሩ እድር የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ሣሉልን ብሏል። አንቺ ግን «ከእንግዲህ ብቻዬን ብሠራ ይሻለኛል» ትያለሽ። በዚህ ላይ እናትሽ በሂሳብ ዲግሪሽ ባንክ ተወዳደሪ ይሉሻል፤ ሪያድ ያለችው እህትሽ ነይ ትልሻለች፤ አንቺን ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ መማር ያምርሻል።

«ብቻዬን» የምትለዋን ቃል አልወዳትም። ኮምቦልቻ ውስጥ የታፔላ ሠዓሊ ነበርኩ። ሦስት ሆነን አንድ ክፍልና አንድ መሰላል ነበረን። አንዱ ፊደል ይጥላል፣ አንዱ የሰው መልክ ያወጣል፣ እኔ ደንበኛ አመጣለሁ። በ300 ብር ተጣላን። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቀብድ ተቀብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የባነር ማተሚያ መጣና ታፔላ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ። እነሱ ተጋግዘው ወደ ቤት ቀለም ዞሩ። እኔ ሱቄን ዘጋሁ።

እናንተንም ያጣላችሁ ሥዕሉ አይደለም፤ ሳይወራ የቀረ ሂሳብ ነው። እድሩን እምቢ አትበሉ። ግን ቡርሽ ከመነሳቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ቀለሙን፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመርና መወጣጫውን እድሩ ይቻል። የእጅ ዋጋውን ለሰፈራችን ብላችሁ ብትተዉት እንኳ ስንት እንደሆነ ጻፉና ከጎኑ «ስጦታ» በሉት። አለዚያ ቀጣዩም በነጻ ሣሉልኝ ብሎ ይመጣል። ስማችሁንም ጥግ ላይ አስፍሩ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የገንዘብ ጥቅሙን ለሌላ ብታስተላልፊ እንኳ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ያንቺ መብት ነው።

ግድግዳውን መጀመሪያ በእጅሽ ዳብሺው። አዲስ ልስን ከሆነ አንድ ወር ያህል ይድረቅ፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። አሮጌ ኖራ ካለበት ይፋቅ። ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው ደግሞ ጭራሽ እንዳትጀምሩ።

ሥራ በሌለበት ሳምንትም ተገናኙ። ሐሙስ ማታ ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ የአንዳችሁ ሥራ ይቀመጥና በዝምታ ይታይ። ቶናው ላይ ሦስቱ ይናገሩ፤ የሣለው አፉን ይያዝ። በረካው ላይ እሱ ይመልስ። «ያምራል» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው! የት ጋ እንደሚያምር ይነገር። የቀለም ዕቁብም ጀምሩ፤ መጀመሪያ ግን ዕጣ ሳይጣል ሥራ ለያዘው ይሰጥ።

ስለ ቤተሰብ ቁርጡን ልንገርሽ። እህትሽ በምትልከው ብር ቀለም እየገዛሽ «ቤተሰብ አይጫነኝ» ማለት አያስኬድም። ሂሳብ ተምረሽ የለ? የግማሽ ቀን የሂሳብ ሥራ ፈልጊ። ከመጀመሪያዋ ደሞዝ ላይ ለእናትሽ ቆንጥረሽ ስጫቸው። ያን ጊዜ ስለ ሥዕል ስታወሪ ያዳምጡሻል። ባንኩንም ተወዳደሪ፤ ብታልፊ ማታ ማታ መሣል የሚከለክልሽ የለም።

ሪያድን እርሽው። እህትሽ የምትልከውን ታያለሽ እንጂ የምትውልበትን አታይም። አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሲያስገባ በሥዕል ይፈትናል። ለሐሙሱ ቡና የምትሠሪውን አስቀምጪው፤ ለዚያ ይሆንሻል።

አሁን ቀለም ለገዛው ልጅ ደውዪለት። ስንት እንዳወጣ ጠይቂውና ለአራት ተካፈሉት።